ባለ ቫልቭ ሬዲዮ ስታነሱ ቶሎ ሶኬት ላይ አትሰኩት፦ ከመሰካቱ በፊት የሚሠራው ሥራ

#1 — ሻሲ80

ሰላም ለመድረኩ ቤተሰቦች። ነገሬ ስለ ባለ ቫልቭ ሬዲዮ ነው፤ ቫልቭ ማለት እየጋለ የሚሠራው፣ አየር የሌለበት የመስታወት ቱቦ ነው። ደጋግሞ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ሬዲዮውን ሰካሁት፣ አምስት ደቂቃ ዘፈነ፣ ከዚያ ሸተተና ዝም አለ።» በዚያች አምስት ደቂቃ የሚቃጠሉት ዕቃዎች እንደ ልብ የማይገኙት ናቸው፤ ዋናው ትራንስፎርመርና የስፒከሩ ትራንስፎርመር። የሚያቃጥሏቸው ደግሞ በጥቂት ብር የሚገዙ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ትንንሽ ዕቃዎች) ናቸው። ስለዚህ ሥራው ከካፓሲተር ይጀመር፤ ሶኬቱ ይቆይ።

ምሳሌ የማደርገው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ አውሮፓ ውስጥ በብዛት የተሠራውን የጠረጴዛ ሬዲዮ ነው። ቫልቮቹ ብዙውን ጊዜ እነዚህ ናቸው፦ ለኤፍኤም መቀበያ ኢሲሲ85፣ ለሞገድ መቀላቀያ ኢሲኤች81፣ ለመካከለኛ ፍሪኩዌንሲ ኢኤፍ89፣ ድምፁን ለይቶ አውጥቶ መጀመሪያ የሚያጎላው ኢኤቢሲ80፣ ስፒከሩን የሚነዳው ኢኤል84፣ ኤሌክትሪኩን ወደ ዲሲ የሚለውጠው ኢዜድ80፣ አረንጓዴው ዓይን ኢኤም80። መጀመሪያ ስማቸውን አንብቡ። የመጀመሪያው ፊደል ኢ ከሆነ ፊላመንቱ (ቫልቩን የሚያሞቀው ክር) 6.3 ቮልት ነው። ዩ ከሆነ ፊላመንቶቹ በሲሪስ (አንዱ ከሌላው ተከትሎ) ተያይዘው 100 ሚሊ አምፒር የሚያልፍባቸው ናቸው፤ እንደዚያ ከሆነ እዚህ የምጽፈውን ከመሥራታችሁ በፊት ጠይቁ፣ ምክንያቱም ሻሲው (ዕቃዎቹ የተሰቀሉበት ብረት) ራሱ ይነዝራል። ዲ ከሆነ የባትሪ ነው፣ 1.4 ቮልት። ፊሊፕስ ሬዲዮ ላይ የሞዴሉ የመጨረሻ ፊደልም ይናገራል፤ ኤ ከሆነ ባለ ትራንስፎርመር፣ ዩ ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር።

ጀርባውን ከፍታችሁ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አውጡ። ሁለት ነገር ግን በእርጥብ ጨርቅ አትንኩ። አንደኛው የጣቢያ ሰሌዳው መስታወት የኋላ ገጽ ነው። የከተማዎቹ ስም የተቀባው በዚያ በኩል ነው፣ ቀለሙም በውሃ ብቻ ይላጣል። ሁለተኛው ቫልቩ ላይ የታተመው ቁጥር ነው፤ በአልኮል ከጠረጋችሁት ስሙ ይጠፋል፣ ከዚያ ኢኤፍ89ን ከሌላው መለየት ፈተና ይሆናል። ቫልቮቹን ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፤ ጣቢያ የሚያሳየውን መርፌ የሚጎትተውን ክር ከመንካታችሁ በፊትም በየትኛው ጎማ ዙሪያ ስንቴ እንደዞረ ወረቀት ላይ ሳሉት።

አሁን ካፓሲተሮቹ። ሦስት ዓይነት አድርጋችሁ ለዩአቸው።

ሴራሚክና ማይካ የሆኑት ትንንሾቹ ጤነኛ ናቸው ብላችሁ ጀምሩ፤ አትንኳቸው።

ትልቁ የአሉሚንየም ጣሳ ኤሌክትሮሊቲክ ነው፣ ብዙ ጊዜ 50 ሲደመር 50 ማይክሮ ፋራድ፣ 350 ቮልት። ውስጡ ደርቋል። ጣሳውን ለመልኩ ስትሉ ሻሲው ላይ ተዉት፣ ሽቦዎቹን ግን ከእሱ ነቅላችሁ ከሥር ሁለት አዲስ 47 ማይክሮ ፋራድ 450 ቮልት ሥሩ። አሮጌውን ሳይነቅሉ አዲሱን በትይዩ ማያያዝ ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ነው፤ ማጉረምረሙ ይቀንሳል፣ አሮጌው ግን ማፍሰሱን፣ መሞቁን አያቆምም። «ትልቅ ይሻላል» ብላችሁ 100 ወይም 220 እንዳታስገቡም። ኢዜድ80 ከ50 ማይክሮ ፋራድ በላይ ያለ የመጀመሪያ (ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣ) ካፓሲተር አይችልም፤ በየዙሩ የሚሳበው የኃይል መሙያ ከረንት ካቶዱን (ኤሌክትሮን የሚለቀውን ክፍሉን) ይጨርሰዋል።

ሦስተኛው ዓይነት ዋናው ጠላት ነው፦ የወረቀት ካፓሲተር። በሰም ወይም በጥቁር ሬንጅ የተሸፈነ፣ ብዙ ጊዜ ሽፋኑ የተሰነጠቀ። ወረቀት እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የሳበ ካፓሲተር ደግሞ ዲሲ ያሳልፋል። ሁሉንም ቀይሩ። አንዱን ግን ከሁሉም በፊት፦ ከኢኤቢሲ80 አኖድ (የቫልቩ መውጫ) ተነስቶ ወደ ኢኤል84 ግሪድ (የቫልቩ መግቢያ) የሚሄደውን፣ ከ10 እስከ 22 ናኖ ፋራድ ያለውን።

ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳያችሁ። የኢኤቢሲ80 አኖድ ላይ 75 ቮልት አለ እንበል። ከኢኤል84 ግሪድ ወደ ሻሲ የሚወርደው ሬዚስተር 680 ኪሎ ኦም ነው። ካፓሲተሩ ጤነኛ ከሆነ ግሪዱ ላይ ዜሮ ቮልት ይነበባል። አርጅቶ 10 ሜጋ ኦም ያህል የሚያፈስ ከሆነ ግን 75ቱ ቮልት ለሁለቱ ይከፋፈላል፣ ግሪዱ ላይም 4.8 ቮልት ፖዘቲቭ ይቀመጣል። 10 ሜጋ ኦም በተራ መልቲሜትር ሲለካ «ደህና ነው» የሚያስብል ቁጥር ነው! መልቲሜትሩ የሚለካው በጥቂት ቮልት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ማፍሰሱን ጭራሽ አያይም። ኢኤል84 ግን 50 ሚሊ አምፒር መሳብ ሲገባው 70 ይስባል። ቫልቩ ይቀላል፣ የስፒከሩ ትራንስፎርመር ቀጭን ሽቦ ይበጠሳል፣ ኢዜድ80 ይደክማል፣ ዋናው ትራንስፎርመር ይግላል። መነሻው ያቺ የጣት ጫፍ የማታክል ዕቃ ናት።

በምትካቸው ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊስተር፣ 630 ቮልት። በአሮጌው ላይ 25000 ፒኮ ፋራድ ካለ 22 ናኖ፣ 50000 ካለ 47 ናኖ ይሆናል፤ ልዩነቱ በጆሮ አይለይም። አንዱን አንስታችሁ አንዱን ተኩ። ሁሉንም ነቅላችሁ ጠረጴዛ ላይ ከዘረጋችሁ የት እንደነበሩ ትረሳላችሁ።

ከኤሌክትሪክ መስመሩ ጋር የተያያዙት ለብቻ ናቸው። በሁለቱ የመስመር ሽቦዎች መካከል ያለው ኤክስ2 የሚባለው ዓይነት፣ ከመስመር ወደ ሻሲ የሚወርደው ዋይ2 የሚባለው ዓይነት መሆን አለበት። ሌላ ዓይነት አታስገቡ። ኤክስ2 ሲበላሽ እሳት እንዳያስነሳ፣ ዋይ2 ደግሞ ሲበላሽ ሻሲውን ከመስመሩ ጋር እንዳያገናኝ ተብለው የተሠሩ ናቸው።

ገመዱንም ቀይሩ። የድሮው የጎማ ሽፋን ሲያጥፉት ይረግፋል። ባለ ትራንስፎርመር ሬዲዮ ከሆነ ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ አስገብታችሁ አረንጓዴ-ቢጫውን ሻሲው ላይ እሰሩት፤ በመስመሩ ላይም ቀስ ብሎ የሚቃጠል 630 ሚሊ አምፒር ፊውዝ አስገቡ። ይህ ሬዲዮ 50 ዋት ገደማ ነው የሚስበው፣ በ220 ቮልት 0.23 አምፒር ማለት ነው።

---

#2 — ሞገድ49

ሻሲ80 እግዜር ይስጥልኝ። የኔው ልክ እንደ ምሳሌህ ነው፣ ሰባቱም ቫልቭ አለ፣ ከኋላ ያለው የቮልቴጅ መምረጫው 220 ላይ ነው። ካፓሲተሮቹን ሁሉ ቀይሬያለሁ፣ ገመዱንም። አሁን ልሰካው? ዋናው ትራንስፎርመር ደህና መሆኑን በኦም ብቻ ማወቅ ይቻላል?

---

#3 — ካቻቪቴ

በኦም አይታወቅም። ጥቂት ዙር ሽቦ እርስ በርሱ ቢነካካ ልዩነቱ ከአንድ ኦም በታች ሊሆን ይችላል፤ ትራንስፎርመሩ ግን ይቃጠላል። የሚታወቀው በአምፖል ነው።

አንድ የአምፖል መያዣ ግዛና ከሶኬቱ በሚመጣው ፌዝ ሽቦ ላይ በሲሪስ አስገባው፤ ከዚያ ቀጥሎ ሬዲዮው። አምፖሉ ክር ያለው፣ የሚግለው የድሮው ዓይነት፣ 60 ዋት ይሁን። ኃይል ቆጣቢውም ኤልኢዲውም ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ክሩ ሲቀዘቅዝ መንገዱን ይለቃል፣ ሲግል ይይዛል፤ የምንፈልገው ይህንን ጠባዩን ነው።

መጀመሪያ ቫልቮቹን በሙሉ አውጣ፣ ኢዜድ80ንም ጨምሮ። ሰካው። አምፖሉ ብልጭ ብሎ መክሰም አለበት፤ ክሩ ትንሽ ቀላ ቢል የሰሌዳው አምፖሎች ናቸው። ደምቆ ከቀረ ትራንስፎርመሩ ወይም ሽቦው ላይ ሾርት አለ። ከከሰመ አምፖሉን አልፈህ በቀጥታ ሰክተህ አንድ ሰዓት ተወው። ነቅለህ ትራንስፎርመሩን በእጅህ ዳስስ። ለብ ማለቱ ደህና ነው። ምንም ጭነት ሳይኖርበት እጅ የሚያስነሳ ትኩሳት ካለው ግን ውስጡ ተነካክቷል፣ ሌላ ነገር አትድከም።

ከዚያ ሬዲዮውን ወደ አምፖሉ መልሰህ ከኢዜድ80 በስተቀር ሌሎቹን ቫልቮች አስገባ፤ ፊላመንቶቹ ሲቀሉ ታያለህ። መጨረሻ ላይ ኢዜድ80ን። አሁን አምፖሉ መጀመሪያ ይደምቃል፣ ይቀንሳል፣ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ በኋላ ደግሞ እንደገና ትንሽ ከፍ ይላል፤ ኢዜድ80 ሞቆ መሥራት ጀመረ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እየደመቀ፣ እየደመቀ ከሄደ በፍጥነት ንቀል። 60 ዋቱ ሬዲዮውን በግማሽ ያህል ቮልቴጅ ስለሚያሠራው ደካማ ድምፅ ቢመጣ አትገረም። ደህና ከሆነ በ100 ዋት ድገመው፣ ከዚያ በቀጥታ።

አንድ እጅ ኪስ ውስጥ። ከነቀልከው በኋላም ካፓሲተሮቹ ላይ ወደ 300 ቮልት ሊቀር ይችላል፤ በካቻቪቴ አታገናኝ፣ ብልጭታው አዲሱን ካፓሲተር ይጎዳል። 4.7 ኪሎ ኦም 5 ዋት ሬዚስተር በተሸፈነ ሽቦ ይዘህ ለጥቂት ሰከንድ አስነካው፣ ከዚያ በመልቲሜትር አረጋግጥ።

---

#4 — ባትሪ_ድንጋይ

ካፓሲተር ላጣ ሰው፦ የተቃጠሉ ኃይል ቆጣቢ አምፖሎችን አትጣሉ። ግርጌው ሲከፈት ትንሽ ሰሌዳ አለ፤ ላዩ ላይ 400 እና 630 ቮልት የተጻፈባቸው የፖሊስተር ካፓሲተሮች ይገኛሉ፣ 22 ናኖ፣ 47 ናኖ፣ አንዳንዴ 100 ናኖ። ለሬዲዮው የወረቀት ካፓሲተር ቦታ ልክ ናቸው። ለትልቁ ኤሌክትሮሊቲክ ደግሞ የኤልኢዲ ቴሌቪዥን የኃይል ሰሌዳ ላይ 450 ቮልት ያላቸው አሉ፣ ግን 68 እና ከዚያ በላይ ስለሚሆኑ ለመጀመሪያው ቦታ አይሆኑም፤ ለሁለተኛው፣ ከሬዚስተሩ በኋላ ላለው ግን ይሆናሉ።

---

#5 — ሻሲ80

ባትሪ_ድንጋይ ትክክል ነው፣ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምርበት። ከአምፖሉ ውስጥ ያለውን 4.7 ወይም 10 ማይክሮ ፋራድ ኤሌክትሮሊቲክ አትውሰዱ፤ ሕይወቱን ሙሉ በሙቀት ሲጠበስ የኖረ ነው። የፖሊስተሮቹም እግር አጭር ነው፣ ሽቦ ስትቀጥሉለት ሽፋን አልብሱት።

ቫልቭ ስለሚጠይቁኝ ደግሞ፦ ኢኤል84 ለጊታር ማጉያ ስለሚፈለግ ዛሬም ይመረታል፤ የሩሲያው 6ፒ14ፒም እዚያው ሶኬት ላይ ይገባል። የአሜሪካ ስማቸውን ማወቅም ይጠቅማል፤ ኢኤል84 ማለት 6ቢኪው5፣ ኢዜድ80 ማለት 6ቪ4፣ ኢሲኤች81 ማለት 6ኤጄ8፣ ኢኤቢሲ80 ማለት 6ኤኬ8 ነው። አንዱ ስም ቢጠፋ በሌላው ይገኛል። አረንጓዴው ዓይን ደብዝዞ ከሆነ ግን ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ከአጠገቡ ያለውን የ470 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ለኩ፤ ብዙ ጊዜ ወደ ሜጋ ኦም ሸሽቶ ይገኛል።

---

#6 — ዲሲ_አጭርሞገድ

ከአገር ቤት ሬዲዮ ይዘው አሜሪካ ለሚመጡ፦ ከኋላ ያለው መምረጫ 110 ወይም 125 ካለው እዚህ ወደ 125 አዙሩትና ፊውዙን በእጥፍ አሳድጉ፣ ከረንቱ እጥፍ ስለሚሆን። 60 ኸርዝ ችግር የለውም፤ ለ50 የተሠራ ትራንስፎርመር በ60 ይበልጥ ቀዝቅዞ ይሠራል። ተገላቢጦሹ ግን አይሠራም። ለ60 ብቻ የተሠራ የአሜሪካ ሬዲዮ በ220/110 መለወጫ አዲስ አበባ ላይ ቢሰካ ቮልቴጁ ልክ ሆኖም ትራንስፎርመሩ ከመጠን በላይ ይሞቃል።

መምረጫው 220 ብቻ ከሆነ 100 ዋት የሚችል ከፍ ማድረጊያ ትራንስፎርመር በቂ ነው። አውሮፓና እስራኤል ላላችሁ፣ መስመሩ 230 ስለሆነ 220 ላይ ብትተዉት ፊላመንቱ 6.6 ቮልት ያህል ያገኛል። ይህ ከሚፈቀደው 10 ከመቶ ውስጥ ነው። የቤታችሁ መስመር 240 የሚደርስ ከሆነ ግን 245 ላይ አድርጉት።

እዚህ ከአሮጌ ዕቃ ሽያጭ የሚገዙት ትንንሾቹ የአሜሪካ ሬዲዮዎች አብዛኞቹ ትራንስፎርመር የላቸውም። 12ቢኢ6፣ 12ቢኤ6፣ 12ኤቪ6፣ 50ሲ5፣ 35ደብልዩ4 ካያችሁ ፊላመንቶቹ ተደምረው 123 ቮልት ገደማ ይሆናሉ፣ በቀጥታ ከሶኬቱ። ሻሲው አደገኛ ነው።

---

#7 — ካቻቪቴ

ዲሲ_አጭርሞገድ ስላነሳው፣ ያለ ትራንስፎርመር የተሠሩትን ጉዳይ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ፤ ሰው የሚሞተው በእነሱ ነው።

የአውሮፓዎቹ ዩሲኤች81፣ ዩኤፍ89፣ ዩቢሲ81፣ ዩኤል84፣ ዩዋይ85 አሏቸው። ፊላመንቶቹ በቅደም ተከተል 19፣ 12.6፣ 14፣ 45 እና 38 ቮልት ናቸው፣ ድምሩ 128.6። ከ220 የቀረውን 91.4 ቮልት የሚውጠው አንድ ትልቅ ሬዚስተር ነው፤ በ100 ሚሊ አምፒር 914 ኦም፣ 9 ዋት ከምናምን ሙቀት። ተቃጥሎ ከሆነ በግማሽ ኃይሉ እንዲሠራ 20 ዋት የሚችል ባለ ሽቦ ሬዚስተር አስገቡ፣ ከእንጨቱም ከካፓሲተሮቹም አርቁት።

ከሁለቱ የመስመር ሽቦዎች አንዱ ሻሲው ላይ ነው የታሰረው። ስፒናው በአንድ በኩል ሲሰካ ሻሲው ኒውትራል ነው፣ ሲገለበጥ 220 ቮልት። የማዞሪያው ቁልፍ ወልቆ የብረት ዘንጉ ከታየ፣ የኋላው ሽፋን ከጠፋ፣ የማዞሪያዋ ትንሽ ብሎን ላይ የነበረው ሰም ከረገፈ፣ ያንን የነካ ሰው ሶኬቱን ነካ ማለት ነው። እነዚህ ሬዲዮዎች ላይ ሻሲውን ከኧርዝ ጋር አታያይዙ፣ ከስልክም ከኮምፒዩተርም ጋር አታገናኙ። የአንቴናው መግቢያ ላይ ያለው ካፓሲተር ዋይ2 ይሁን፤ እሱ ከተበሳ የአንቴናው ሽቦ ራሱ ይነዝራል። ለጥገና ሬዲዮውን ከመስመሩ የሚነጥል አንድ ለአንድ ትራንስፎርመር ከሌላችሁ ሽፋኑን ሳትከፍቱ ተዉት። ይህን ስል ለማስፈራራት አይደለም፣ ከልቤ ነው።

---

#8 — ሞገድ49

ካቻቪቴ እንዳልከው ደረጃ በደረጃ ሄድኩ። ባዶው ትራንስፎርመር ከአንድ ሰዓት በኋላ ለብ ብቻ ነው። ቫልቮቹን መለስኩ፣ በ100 ዋት አምፖል ሠራ፣ በቀጥታም ሰካሁት፣ ድምፅ አለ። ግን ከአሥር ደቂቃ በኋላ ድምፁ ይሻክራል፣ ኢኤል84 በጣም ይግላል። ለካሁት፦

ኢዜድ80 እግር 3 (ዋናው ቮልቴጅ) ላይ 248 ቮልት። ኢኤል84 እግር 3 (ካቶዱ) ላይ 10.3 ቮልት። እግር 2 (ግሪዱ) ላይ ሲበራ ዜሮ፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ 4.2 ቮልት ፖዘቲቭ። የካቶዱ ሬዚስተር 150 ኦም ነው፣ ለክቼዋለሁ፣ ደህና ነው።

ያቺን ካፓሲተር በአዲስ ፖሊፕሮፒሊን ቀይሬያታለሁ። ታዲያ ይህ ቮልት ከየት መጣ?

---

#9 — ሻሲ80

በደንብ ለክተሃል፤ ቁጥሮቹ ራሳቸው ይናገራሉ። 10.3 ቮልት ለ150 ኦም ሲካፈል 69 ሚሊ አምፒር ነው። ለዚህ ቫልቭ 50 ገደማ ነው ልኩ። አኖዱ ብቻ ከ12 ዋት ወሰኑ አልፎ 15 ያህል እየበላ ነው፤ 270 አካባቢ መሆን የነበረበት ዋናው ቮልቴጅም ለዚህ ነው 248 ላይ የወረደው። እንደዚህ ሆኖ አታሠራው።

መለያው ቀላል ነው። ሬዲዮው ሞቆ 4.2 ቮልቱ እንዳለ ነቅለህ፣ ኢኤል84ን በጨርቅ ይዘህ አውጣውና መልሰህ አብራ። እግር 2 ላይ በመልቲሜትር እይ። ቮልቱ አሁንም ካለ የሚመጣው ከውጭ ነው፤ ካፓሲተር፣ ሶኬት፣ ወይም የሽቦ ማሰሪያው ሰሌዳ። ከጠፋ ራሱ ቫልቩ ነው። ይህን ስታደርግ ጭነት ስለሚቀንስ ዋናው ቮልቴጅ ከ300 ያልፋል፤ ካፓሲተሮችህ 450 ስለሆኑ ይችላሉ፣ ግን ለክተህ ቶሎ አጥፋ።

ግምቴ ቫልቩ ነው፣ ምክንያቱም ሲበራ ዜሮ ሆኖ ሲሞቅ ነው የሚወጣው። የወረቀት ካፓሲተር ለዓመታት ሲያፈስ ኢኤል84 ከአቅሙ በላይ እየጋለ ኖሯል። ከካቶዱ ላይ የተነነው ባርየም ግሪዱ ላይ ያርፋል፣ ሲሞቅም ግሪዱ ራሱ ኤሌክትሮን መልቀቅ ይጀምራል። የለቀቀው ኤሌክትሮን በ680 ኪሎ ኦሙ በኩል ነው የሚተካው፤ 4.2 ቮልት ለ680 ኪሎ ኦም 6 ማይክሮ አምፒር ነው። ትንሽ ይመስላል፣ ለግሪድ ግን በጣም ብዙ ነው። ግሪዱ ፖዘቲቭ ሲሆን ቫልቩ የበለጠ ይስባል፣ የበለጠ ይሞቃል፣ ግሪዱ የበለጠ ይለቅቃል። ለዚህ ነው አሥር ደቂቃ የሚፈጀው።

ሬዚስተሩን ዝቅ በማድረግ እንዳትሸፍነው። ኢኤል84 በካቶድ ሬዚስተር ሲሠራ እስከ 1 ሜጋ ኦም ይፈቀድለታል፤ 680 ላይ እንዲህ የሚሆን ቫልቭ አልቋል።

---

#10 — ባትሪ_ድንጋይ

ቮልቱ ቫልቩ ወጥቶም ከቀረ ሶኬቱን ተጠራጠር። እግር 2ና 7 (ግሪዱና አኖዱ) ሩቅ ናቸው፣ ግን ለዓመታት የተጠበሰ ቡናማ ሶኬት ላይ ብየዳው ካስቀረው ቅባት ጋር አቧራ ሲደርቅ ከሰል ሆኖ ያሳልፋል። በአይሶፕሮፒል አልኮልና በጥርስ ብሩሽ እጠበው፣ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። እግር ስትቆጥር ከሥር አይተህ፣ ከሰፊው ክፍተት ጀምረህ፣ በሰዓት አቅጣጫ መሆኑን አትርሳ፤ ከላይ ስታየው ይገለበጣል።

---

#11 — ሞገድ49

ኢኤል84ን አውጥቼ ስለካ እግር 2 ላይ ዜሮ። ስለዚህ ቫልቩ ነበር። አዲስ 6ፒ14ፒ አስገባሁ፦ እግር 2 ዜሮ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላም ዜሮ። እግር 3 ላይ 7.4 ቮልት፣ 49 ሚሊ አምፒር ማለት ነው። ዋናው 268 ሆነ። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ አረንጓዴው ዓይንም ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ኤፍኤሙ 97.1ንና 98.1ን አጥርቶ ይይዛል፣ ሸገር 102.1ን ግን አላገኘሁትም። ሁለተኛ፣ መካከለኛው ሞገድ ላይ ጣቢያዎቹ ሰሌዳው ከሚያሳየው ትንሽ ወደ ግራ ፈቀቅ ብለዋል።

---

#12 — ካቻቪቴ

ኤፍኤሙ አልተበላሸም። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ የአውሮፓ ሬዲዮዎች የተሠሩት እስከ 100 ሜጋ ኸርዝ ብቻ ነው፤ ሰሌዳውን ተመልከት፣ ቁጥሩ እዚያ ያበቃል። ከ100 በላይ ያሉት የአዲስ አበባ ጣቢያዎች ለእሱ የሉም።

በኢሲሲ85 ሳጥን ውስጥ ያለውን የኦሲሌተር (ሬዲዮው ራሱ ሞገድ የሚያመነጭበት ክፍል) ጥቅልል ዘርጋ በማድረግ መስኮቱን ወደ ላይ መግፋት ይቻላል። ግን መስኮቱ አይሰፋም፣ ይሸጋገራል፤ 87 እስከ 100 የነበረው 91 እስከ 104 ሲሆን 90.7ን ታጣለህ፣ ሰሌዳውም ይዋሻል፣ የመግቢያውንም ጥቅልል አብረህ ካላስተካከልክ መቀበሉ ይደክማል። እኔ አልመክርም። በፋብሪካ እንደተስተካከለ የቆየ የኤፍኤም ሳጥን አንዴ ከተነካ መመለሱ ከባድ ነው።

ከኋላው የሸክላ ማጫወቻ መግቢያ አለው አይደል? ያንተ ባለ ትራንስፎርመር ስለሆነ ስልክህን እዚያ ማገናኘት ትችላለህ። የግራና የቀኙን ሽቦ በየራሳቸው 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አሳልፈህ አንድ ላይ አገናኛቸውና ወደ መግቢያው፣ የጋራውን ወደ ሻሲው በኩል። ሬዚስተሮቹ ከሌሉ የስልኩ ሁለት ቻናሎች እርስ በርስ ይጋፋሉ። 102.1ን በኢንተርኔት ከፍተህ በኢኤል84 ስማው፤ የዚያ ትልቅ የእንጨት ሳጥን ድምፅ ስልኩ ላይ የለም። ይህ ምክር ዩ ቫልቭ ላላቸው በፍጹም አይሆንም፣ #7ን አንብቡ።

ሌላው፣ መብራት ሲጠፋ ስፒናውን ንቀል። ተመልሶ ሲመጣ ያለው ግፊት ለቀዝቃዛ ፊላመንትም ለካፓሲተርም ጥሩ አይደለም፤ ቮልቴጁ ሲረጋ ሰካው።

---

#13 — ሻሲ80

ሞገድ49፣ 49 ሚሊ አምፒር በጣም ጥሩ ነው።

የመካከለኛው ሞገድ መፈቀቅ፦ መጀመሪያ መርፌው ራሱ ክሩ ላይ ተንሸራቶ እንደሆነ እይ። ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው አዙር፤ ተለዋዋጩ ካፓሲተር ሙሉ በሙሉ ሲገጥም መርፌው ሰሌዳው ጫፍ ላይ ካለው ምልክት ጋር መግጠም አለበት። ካልገጠመ መርፌውን በጣትህ ክሩ ላይ ፈቀቅ አድርገህ በጠብታ ቫርኒሽ ያዘው። ከአሥር ዘጠኙ እዚህ ያልቃል።

መርፌው ልክ ሆኖ ጣቢያዎቹ ብቻ ከተሳሳቱ ኦሲሌተሩን ነው የምታስተካክለው። በዝቅተኛው ጫፍ፣ 600 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ፣ የጥቅልሉን እምብርት፤ በከፍተኛው ጫፍ፣ 1400 አካባቢ፣ ትሪመሩን (የሚስተካከለውን ትንሽ ካፓሲተር)። አንዱ ሌላውን ስለሚያንቀሳቅስ ሦስት አራት ጊዜ ተመላለስ። እምብርቱን በብረት ካቻቪቴ አትንካ፤ ብረቱ ራሱ ንባቡን ይቀይራል፣ ደረቅ እምብርት ደግሞ ይሰነጠቅና እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። ከፕላስቲክ ወይም ከቀርከሃ ቅረጽ። አልዞር ካለ አታስገድደው፤ ከላይ የፀጉር ማድረቂያ ለአንድ ደቂቃ ንፋበት፣ የያዘው ሰም ይለሰልሳል።

መካከለኛ ፍሪኩዌንሲ ጣሳዎቹን ግን ሲግናል ጄኔሬተር ሳይኖርህ አትክፈታቸው። ፊሊፕስ ከሆነ 452 ኪሎ ኸርዝ ላይ ነው የተስተካከሉት፣ ኤፍኤሙ 10.7 ሜጋ ኸርዝ ላይ። በጆሮ የሚስተካከሉ አይደሉም።